ባሲማና አይሞትም የተባለው ተክል

ባሲማ ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። እሷ ስታነጥስ እኔ "ይማርሽ" እላለሁ፣ እኔ ስቆጣ እሷ ከወዲያ ማዶ "አብሽሪ እትዬ ወርቄ" ትላለች። እኔ ደግሞ ሳልቆጣ የምውልበት ቀን የለም። መካነ ሰላም ውስጥ ሻይ ቤት ከፍቶ የማይቆጣ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ፤ አንዱ ሻዩ በረደብኝ ይላል፣ አንዱ ፈጀኝ ይላል፣ ለሁለቱም የቀዳሁት ከአንድ በራድ ነው። ባሲማ ላይ ግን ቁጣ የሚባል አልፈጠረባትም። ያላት ፍርሃት ነው። ያ ፍርሃቷ በሚሊኒየሙ ዓመት ሁላችንንም እንዴት አድርጎ እንዳስጨነቀን ላጫውታችሁ።

የሼህ ሱሌማን ሚስት ናት። ሼህ ሱሌማን ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባለው ቤታቸው ቁርኣን ያቀራሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቤታቸው ከደረሳ ተማሪ ተለይቶ አያውቅም። ባሲማ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔዎች ከለጋምቦ ድረስ እየመጡ የሷን ፈትል ነው የሚጠይቁት፤ ቀጭን ነው፣ አይበጠስም። እንግዲህ ይህችን ባለሙያ ነው አገሩ "እጇ አያበቅልም" የሚላት።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ሦስት ወለደች፤ ሦስቱም ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ሞቱባት። በሦስተኛው ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት፣ ስሟን አልጠራም፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ "ምን ታድርግ፣ እጇ አያበቅልም" ስትል ባሲማ ሰማች። እኔ ብሰማ ኖሮ እዚያው ለቅሶው መሀል አዋርዳት ነበር። ባሲማ ግን ቃሉን ይዛ ቀረች። ከዚያ ወዲያ የነካችው ነገር ሁሉ ሲበላሽ በእጇ ታሳብባለች። ዶሮዎቿ በፈንግል አለቁ፤ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ አልቋል፣ የኔም አልቋል፣ እኔ የረገምኩት ፈንግሉን እንጂ እጄን አይደለም። ለሚሊኒየሙ ሁለት ሁለት ችግኝ ትከሉ ተብለን ክረምት ላይ ስንተክል እሷም ተከለች፤ የሷን ፍየል በላችው። እሱንም እጄ ነው አለች። ፍየሏን ያሰማራቻት እሷ ትመስል!

ታናሽ እህቷ ፈዲላ አቀስታ ነበር የተዳረችው። ባለፈው በጋ ታማ ሞተች፤ ገና ዳዴ የምትል ልጅ ጥላ። ልጅቱ ጁማና ትባላለች። አባቷ ጠልሐ ዓረብ አገር ሊሄድ ተነስቷል፤ ልጅቱን ይዘው የቀሩት የሱ እናት እማማ ዙሀራ ናቸው፤ እሳቸውም አርጅተዋል፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ነሐሴ ላይ ጠልሐ ራሱ መጣና ለሼህ ሱሌማንና ለባሲማ ነገራቸው። "ከኢድ በኋላ እናቴ ልጅቱን ይዛ ትመጣለች። እናንተ ካላችሁ እዚሁ ትቅር። ካልሆነላችሁ ጅማ ያለችው አክስቴ ትወስዳታለች" አለ። ጅማ! እኔ ከመካነ ሰላም ጅማ ሄዶ ተመልሶ የመጣ ሰው አላውቅም። አክስቲቱንም ከመካከላችን ያያት የለም።

የእህቷ ልጅ ናትና ባሲማ በደስታ ታብዳለች ብለን ነበር። በማግስቱ ዝናብ ላይ ሻይ ቤቴ መጣች። ራሷ ላይ ያሰረችው ጉፍታ ርሶ ጠብ ጠብ ይላል። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ጀመር።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"እጄን ፈራሁት እትዬ ወርቄ።"

"እጅሽ ደግሞ ምን አረገሽ?"

"ጁማናን ተቀብዬ ብትሞትብኝስ? ፈዲላን በቂያማ ቀን ምን እላታለሁ? ልጅሽን አምጡልኝ ብዬ ገደልኳት ልበላት?"

በስማም አብ! ደሜ ፈላ። "አንቺ ሴት፣ ልጆችሽን የወሰዳቸው የሳምባ ምች ነው፤ ሐኪሙም ነግሮሻል!" ብዬ ጮኽኩባት።

"አዎ፣ ነግሮኛል። የሰው ልጆችንም ግን ይይዛቸዋል። እነሱ ይድናሉ" አለች በቀስታ።

ሻይ ቀድቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። 

ከስኒው ቀና ስትል ዓይኗ መስኮቴ ላይ አረፈ። መስኮቴ ላይ፣ መደርደሪያዬ ላይ፣ በየጥጋጥጉ አበባ አለኝ፤ በዘይት ቆርቆሮ፣ በወተት ጣሳ፣ ጆሮው በተሰበረ ድስት። "ይኼ ሁሉ እንዴት ነው እሺ የሚልሽ?" አለችኝ። እኔም ሁልጊዜ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለውን አልኳት። ሰው አበባ አይሆንልኝም የሚለው ከከባዱ ስለሚጀምር ነው። ጽጌረዳ አምጥቶ ይተክላል፣ ጽጌረዳ ትኮራበታለች፣ ይተዋታል። መጀመር በሀረግ ነው። ከሰው ቤት አንድ ቅርንጫፍ ለምነሽ ውሃ ባለበት ጠርሙስ መስኮት ላይ ታስቀምጫለሽ፤ ሥር ያወጣል፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ መሄድ ነው። ወይ በእሬት ጀምሪ፤ ብትረሺው አይቀየምም፣ ምድጃ ሲያቃጥልሽ ደግሞ ቆርጠሽ ትቀቢዋለሽ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ጎራዴን የሚያህል የለም።

የጎራዴን እውነተኛ ስም አላውቀውም። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ዳርና ዳሩ ቢጫ፣ አፈሩን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እኛ ሰፈር እንዲያው ጎራዴ እንለዋለን። ልጄ የኔአለም ናት ከደሴ ያመጣችልኝ። አንድ ጊዜ እህቴ ሞታብኝ ደሴ ለቅሶ ከርሜ ስመለስ ከመደርደሪያው ኋላ ወድቆ ተረስቶ አገኘሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ውሃ የለ፣ ፀሐይ የለ። አቧራውን ጠርጌ መለስኩት፤ ምንም አልሆነም።

"ይኸውልሽ፣ ይህን ውሰጂ። ይህ አይሞትም" አልኳት።

ፊቷ ላይ አንድ ነገር አየሁ። "አይሞትም?"

"አይሞትም አልኩሽ! አፈሩ ድርቅ ሲል ብቻ ትንሽ ውሃ። ሌላ ምንም አይፈልግም።"

ተነሳች። ቆርቆሮውን በባዶ እጇ አልያዘችውም፤ በጉፍታዋ ጫፍ ጠቅልላ ነው ያነሳችው። ዝናቡን ፈርታለት መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ "እትዬ ወርቄ፣ ይህ እስከ ኢድ ከቆመ ጁማናን እቀበላታለሁ። ከሞተ አላህ መልሴን ነገረኝ ማለት ነው" አለች።

"ኧረ ባሲማ! የፈጣሪ መልስ በዘይት ቆርቆሮ ነው እንዴ የሚመጣው?"

ሄዳለች። እኔም በሆዴ ጎራዴ እንደሆነ አይሞትም፣ ከሆነላት ይሁንላት አልኩና ተውኩት። ማታውን ግን ነገሩ አላስቀመጠኝም። የአንዲት ሕፃን ዕጣ በኔ ቆርቆሮ ላይ ተንጠለጠለ ማለት አይደል?

ብዙም ሳልቆይ የኔአለም ወለደችና ላርሳት ደሴ ወረድኩ። ሚሊኒየሙን እዚያው አከበርኩ፤ በማግስቱ ረመዳን ገባ። መስቀልም እዚያው አለፈ። የልጅ ልጄን እያጠብኩ፣ እያሸሁ፣ ሁልጊዜ ያ ቆርቆሮ ትዝ ይለኛል። ኢድ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተመለስኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ በአጥሩ በኩል "ባሲማ! ደህና ናችሁ?" ብዬ ተጣራሁ።

"ደህና ነን አልሐምዱሊላህ። ጎራዴው ግን ታሟል" የሚል ድምፅ መጣ።

 ገብቼ አየሁት። በሩ አጠገብ ውስጥ በኩል ነው ያለው፣ ማንቆርቆሪያው ከሚቀመጥበት ጎን። ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው ተክል ተንጋዷል። ቅጠሉ ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ልፍስፍስ ብሏል። አንዱ ቅጠል ወድቋል፤ የወደቀውን ደግሞ አልጣለችውም፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች።  እሷም ከስታለች፤ ጾሙ ብቻ አይደለም ያከሳት።

"ውሃ ያገኛል?" አልኳት።

"ያገኛል። እሱስ አልጎደለበትም።"

"እንግዲያው ብርዱ ነው" አልኩ። ውርጩ ያኔ ማለዳ ማለዳ መጣል ጀምሯል። ከበሩ አርቄ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋሁት፣ አሮጌ ባናም ከበብኩለት። ባሲማ ከሩቅ ሆና ታየኛለች። እኔ አይሞትም ያልኩት ተክል ዓይኔ እያየ ይሞታል፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ሼህ ሱሌማን ሻይ ቤቴ ድረስ መጡ። እሳቸው ሻይ ቤት የሚመጡ ሰው አይደሉም፤ በዚያ ላይ ጾም ነው። በር ላይ ቆመው "ወርቄ፣ ሚስቴ ስታፈጥር አንዲት ቴምር እንኳ አልወርድ ብሏታል" አሉኝ። ከዚያ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለልጅቱ ትንሽ አልጋ አሠርቻለሁ። ቤት እንዳልወስደው ባሲማ ታየዋለች፤ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። አንቺ ጓዳ ይቀመጥልኝ?"

እንግዲህ እሳቸውም እንዲያ እየጓጉ ነው። "ያምጡት" አልኳቸው። ያን አልጋ ጓዳዬ ውስጥ በሽንኩርቱና በዱቄቱ መሀል ሳየው ጭንቀቴ ባሰ።

ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ተንኮል በሉት። ሻይ ቤቴ ውስጥ ሌላ ጎራዴ አለኝ፤ የዚያኛው ልጅ ነው፣ ቁመታቸው እኩል ነው፣ ቆርቆሯቸውም ያው የዘይት ቆርቆሮ ነው። ባሲማ ወፍጮ ስትሄድ ጠበቅሁና ገብቼ ለወጥኩት። የታመመውን ሳነሳው ከብዶኝ ነበር። ሌብነት ላይ ያለ ሰው ግን ክብደት ያስተውላል እንዴ? በነጠላዬ ሸፍኜ ሮጥኩ።

ባሲማ ከወፍጮ ተመልሳ ጉፍታዋን ሳትፈታ በአጥሩ ተጣራች። "እትዬ ወርቄ፣ ጎራዴዬን መልሺልኝ።"

"የምን ጎራዴ?"

"የኔን አውቀዋለሁ። ስንት ቀን ሳየው ነው የከረምኩት።" አጥሩን ይዛ "አላህን ልታታልይልኝ ነው?" አለች።

ጥፋት እንዳገኙባት ልጅ አንገቴን ደፍቼ መለስኩላት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኢድ ገባ። ባሲማ ለደረሳው ሁሉ አብስላ አበላች፣ እንግዳ ተቀበለች፣ ለኔም ከበጉ ላከችልኝ። ጎራዴው ግን በዚያው በኢድ ማለዳ ጠቅላላ ተኛ። "እንግዲህ ተነገረኝ" አለችኝ፤ ድምፅዋ ላይ ምንም አልነበረም። ሼህ ሱሌማን "አንቺ ሴት፣ ይህ በአላህ ማጋራት ነው፣ ሽርክ ይሆንብሻል፤ ቅጠል ነው!" ቢሏት "አውቃለሁ" ትላለች። አውቃለሁ ትልና ተመልሳ ያው ናት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እማማ ዙሀራ ከአቀስታ መጡ። እኔ ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦ በጨርቅ ይዤ ገባሁ። እማማ ዙሀራ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ አጥንታቸው ብቻ የቀረ፣ ወገባቸው ግን ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ጁማና ጀርባቸው ላይ እንደታዘለች በትከሻቸው በኩል ታየናለች። ግንባሯ ቁርጥ ፈዲላ! ሼህ ሱሌማን ጥግ ይዘው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ባሲማ በሩ አጠገብ፣ ከሁሉ ርቃ፣ ትፈትላለች። እንግዳ ቤት ገብቶ መፍተል የሷ ጠባይ አይደለም፤ እጇን ሥራ ለማስያዝ ነው። ልጅቱን እስካሁን አልሳመቻትም።

ሻይ ቀዳሁ። እማማ ዙሀራ ሁለት ጊዜ ፉት አሉና "እህስ ባሲማ፣ ትቀበያታለሽ ወይስ ጅማ ትሂድ?" አሉ።

እንዝርቷ ቆመ። "ጅማ ትሂድ" አለች ባሲማ።

የሼህ ሱሌማን ሙስበሃ ከእጃቸው ወደቀ። እማማ ዙሀራ ግን ስኒያቸውን አስቀመጡና "ለምን?" አሉ። ባሲማም ሁሉን ነገረቻቸው፤ ሦስቱን ልጆች፣ ለቅሶው ላይ የሰማችውን፣ ዶሮዎቹን፣ ለራሷ ያስቀመጠችውን ምልክት። "አይሞትም የተባለ ተክል ነበር። እኔ ቤት ሞተ" አለች።

እኔ እንግዲህ ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም። ተነስቼ ባናውን ገፍፌ ቆርቆሮውን አንስቼ ወጣሁ፤ ልወረውረው ነበር ሐሳቤ። ግቢው ድንጋይ ላይ ስደፋው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ውሃ! ጥቁር፣ የሸተተ፣ የኩሬ ውሃ። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ወረደ፤ ሥሩ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት በጣቴ መሀል ሟሟ። ቆርቆሮውን ገለበጥኩት። እኔ ምንጊዜም ከሥሩ በምስማር እበሳለሁ፤ ይህ ቀዳዳ የለውም። የኔ ቆርቆሮ አይደለም።

"ማነው ቆርቆሮውን የለወጠው?" ብዬ ጮኽኩ።

ሼህ ሱሌማን በር ላይ ብቅ አሉ። "እኔ ነኝ። ያንቺው ያፈስ ነበር፤ መስገጃውን ሲያረጥበው በሌላ የዘይት ቆርቆሮ ለወጥኩት።"

"ይህን ሁሉ ውሃስ ማነው የሚያጠጣው?"

ሼሁ ደንገጥ አሉ። "እኔ እንኳ ትንሽ ነው… ለሶላት ስንታጠብ ከውዱእ የተረፈችውን። ውሃ ሜዳ ላይ አይደፋም።" ደረሶቹም ንባባቸውን አቁመው ሰምተው ኖሯል፤ አንዱ "እኔም የተረፈኝን" አለ፣ ሌላው "እኔም"፣ ሌላው "እኔማ ሞልቼ ነው፣ እትዬ ባሲማ አደራ ስላሉኝ"። በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያውም ለማታው የተራዊህ ሶላትም የመጣ እንግዳ ሁሉ በዚያ በር ነው የገባው፤ ሁሉም ታጥቦ ሁሉም አንዳንድ ጭላጭ ለጎራዴው ጨምሯል። በቀን አምስት ሶላት፣ ቤት ሙሉ ሰው። ይህ ተክል አይደለም ዋርካ ቢሆን ይሰምጥ ነበር።

ወደ ባሲማ ዞርኩ። "አንቺ ነሽ አደራ ያልሻቸው?"

"የሚሰግድ ሰው ውሃ በረካ አለው ብዬ ነው" አለች። "የኔ እጅ እንዳይነካው።"

"ምን?"

"እኔ ነክቼው አላውቅም። ካንቺ ዘንድ ሳመጣው በጉፍታዬ ይዤ ነው። አንድም ቀን አላጠጣሁትም። ፈራሁ።"

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር ያዘኝ። "አላህ ያሳይሽ! ያልነካሽውን ገደልኩት ትያለሽ? ይህን የገደለው የመንደሩ በረካ ነው እንጂ ያንቺ እጅ አይደለም! አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አላልኩሽም?" ሼህ ሱሌማንም "ወላሂ እኛው ነን፣ እኛው ነን" እያሉ ነው፤ ፊታቸው በርቷል። ደረሶቹም ሳቁ። በቃ አለቀ፣ ተገላገልን ብዬ በጭቃ እጄ ፊቴን አበስኩ።

አላለቀም። ባሲማ አልሳቀችም። "ያው እኔ ቤት ነው የበሰበሰው" አለች። "ምክንያቱማ ሁልጊዜ ይገኛል። ለልጆቼም ሐኪሙ ምክንያት ነግሮኛል።"

 ፍርሃት እኮ ምክንያት አይሰማም፤ እኔ ደግሞ ከምክንያትና ከጩኸት ሌላ ምንም የለኝም። ሼህ ሱሌማን ተመልሰው ጥጋቸውን ያዙ። ደረሶቹ ወደ ቁርኣናቸው ተመለሱ። ጅማ ልትሄድ ነው አልኩ በሆዴ፤ ያ አልጋ ጓዳዬ ውስጥ ሊቀር ነው።

እማማ ዙሀራ ከመደቡ ሳይነሱ "ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ" አሏት። ባሲማ መጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች፤ ልጅቱን ግን ቀና ብላ አላየችም።

"ከጠልሐ በፊት አራት ቀብሬያለሁ" አሉ። "ላንቺ ማንም አልነገረሽም፤ እኔም አላወራውም። ጠልሐ ሲወለድ አሮጊቶቹ መጡና ሞት እንዳያውቅብሽ የኔ አይደለም በይ አሉኝ። በኛ ጊዜ የተለመደ ነው። ገና ሳይታጠብ ለጎረቤቴ ለበዛች ሰጠሁት። ክርስቲያን ናት፤ አራስ ስለነበረች ጡት ነበራት። እኔ በአጥር ቀዳዳ አየዋለሁ። ሰው ልጅሽ እንዴት ነው ሲለኝ የምን ልጅ እላለሁ። ጡቴ አብጦ ቀሚሴን እያራሰው፣ የምን ልጅ እላለሁ።"

"ግን ዳነ" አለች ባሲማ።

"ዳነ። ሁሉም አየሽ፣ በጀሽ አሉኝ። በእግሩ ሲሄድ መልሼ ወሰድኩት። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ሲሮጥ ወደቀ፤ ግንባሩ ተፈነከተ። ደም በደም ሆኖ ተነሳ። እኔ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። አልፎኝ ወደ በዛች ቤት ሮጠ።"

ጁማናን ጀርባቸው ላይ ከፍ አድርገው አስተካከሏት። 

"አሁን ይጦረኛል፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ፈዲላ የሞተች ቀን ግን መሬት ላይ እየተንከባለለ የጠራው በዛችን ነው። በዛች ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው። ልጁ የዳነው በኔ አለመንካት ይሁን በአላህ ፈቃድ እኔ አላውቅም። የማውቀው ያቺን ዓመት እስከዛሬ እንደምፈልጋት ነው።"

ማዘያቸውን ፈቱና ጁማናን መሬት ላይ አቆሟት። "ያዣት አልልሽም። ዙሁር ደርሷል፤ ልስገድ" ብለው ማንቆርቆሪያውን አንስተው ወጡ።

ጁማና አያቷ ሲወጡ አየች። ቤቱን በለቅሶ አናጋችው። ድክ ድክ እያለች ወደ በሩ ሄደች። ባሲማ እንደተቀመጠች ነው፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ቆልፋለች፣ ዓይኗ ልጅቱ ላይ ተተክሏል። እኔ ልነሳ ስል ሼህ ሱሌማን ነጠላዬን ያዙኝ። የዚያ ቤት ደፍ ከፍ ያለ ነው፤ ከደፉ ወዲያ ደግሞ ድንጋይ ነው፣ ቆርቆሮውን የደፋሁበት፣ የረጠበ። ልጅቱ ደፉ ላይ ወጣች፣ እግሯ ከዳት።

ባሲማ እንዴት እንደተነሳች አላየሁም። ስትደርስ ብቻ አየሁ፤ በአየር ላይ ቀለበቻትና ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ጁማና ጮኸች፣ ተወራጨች፣ በእግሯ ሆዷን መታቻት፣ በመጨረሻም ትከሻዋን ነከሰቻት።

"ነከሰችኝ!" አለች ባሲማ። "እትዬ ወርቄ፣ አየሽ ጥርሷን? ነከሰችኝ!" እንባዋ እየወረደ ነው፤ ልጅቱን ግን አልለቀቀቻትም። ሼህ ሱሌማን "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ይላሉ ጥጋቸው ሆነው።

የልጅቱ አፍንጫ ተዝረክርኳል፣ ጉንጯ የመንገድ አቧራና እንባ ተለውሶበታል። ባሲማ "ለብ ያለ ውሃ አምጡልኝ" አለች። ሼሁ እየሮጡ በሳፋ አመጡላት። በሩ ላይ ቁጭ ብላ ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። መዳፏን ውሃው ውስጥ ነከረች። ወደ ልጅቱ ጉንጭ አቀረበችውና መሀል ላይ አቆመችው።

"አሁንም ትፈሪያለሽ?" አልኳት።

"በጣም" አለች። "እስክሞት የምፈራ ይመስለኛል።"

"እና?"

"ዞር በይልኝ እትዬ ወርቄ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ላጥባት።"